ቁልፉ ደብረ ሲና፣ ከብቱ ዋርካ ግርጌ

ለክቡር አቶ ሚልኪያስ ዘላለም
የለምለም ቆላ የከብት ልማት ፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ
ደብረ ሲና

ክቡር ሆይ፣

ይህ ሰላምታ ከቆላ ወደ ደጋ የሚወጣ ነውና ዳገቱ ሳያደክመው፣ ጭጋጉም መንገድ ሳያሳስተው ከደጃፍዎ እንዲደርስ እመኛለሁ። እንደምን ሰነበቱልን? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ በዚያ ብርድ ዘወትር የምንሳሳለት ጉሮሮዎስ እንዴት ነው? እኛ የዋርካ ግርጌ ነዋሪዎች፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነን። ደኅና ነን ስል ሰዎቹን ማለቴ ነው። የከብቶቹን ነገር ከሰላምታ ጋር መቀላቀል ነውር ስለሆነ ወደ ታች አቆይቼዋለሁ።

ስሜን ባያስታውሱት አልቀየምም። ሐምዲያ ኢብራሂም እባላለሁ፤ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ በወንዙ ዳር የምኖር፣ ባሌ የሞተብኝ፣ ልጆቼን በአንዲት ላም የማሳድግ ሴት ነኝ። ባለፈው በጋ ሞዴል በረቱ ሲመረቅ እርጎ በቅል ይዤ የቀረብኩልዎ፣ እርስዎም ካሜራው ፊት አቁመውኝ ስለ ቆላ ሴት ብርታት ረዘም ያለ ንግግር ያደረጉልኝ እኔ ነኝ። እርጎው የዳለቻ ነበር። ዳለቻ ላሜ ናት።

ዳለቻ አሁን ነጥፋለች፤ ክብድ ናት፤ መስከረም ሳይጋመስ ትወልዳለች ብዬ እጠብቃለሁ። ልጄ ሩዋይዳ ለሚወለደው ጥጃ ከወዲሁ ስም አውጥታለታለች። እስከዚያ ድረስ በሰው ማሳ ማሾ እያረምኩ ቤቴን አቆያለሁ፤ ከወለደች በኋላ ደግሞ እንደ ወትሮው ጠዋት ጠዋት ወተቷን በባጃጅ ለከተማው ሻይ ቤቶች እልካለሁ። ይህን ሁሉ የምነግርዎ እንዲያዝኑልኝ ብዬ አይደለም። በከብት ማቆያዎ ውስጥ ተቆልፎባቸው ከቆሙት ከብቶች አንዷ ዳለቻ ስለሆነችና የማቆያው ቁልፍ በእርስዎ እጅ ስለሆነ ነው።

እንግዲህ የመጣሁበት ጉዳይ ይኸው ነው፤ ደራሽ ውኃ ሳይመጣ ቁልፉን ይላኩልን። ለብቻዎ መጻፍ ሲገባኝ በአደባባይ መጻፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ፤ ለብቻዎ የጻፍናቸው ደብዳቤዎች ዳገቱ ከብዷቸው መንገድ ላይ ሳይቀሩ አልቀሩምና ይህኛውን ብዙ ሰው ተጋግዞ ይግፋው ብዬ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ለልመና የሄደ ሰው አስቀድሞ ያመሰግናል። ስለዚህ ምስጋናዬን በየተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ሞዴል በረቱ እናመሰግናለን። የሲሚንቶ ወለል፣ የሚያብለጨልጭ ቆርቆሮና በቀለም የተጻፈ ስም ያለው በረት በአባቶቻችን ዘመንም አልታየም። የጎብኚ መኪና ጭቃ ሳይነካው እንዲደርስ ከመንገዱ ዳር፣ ወንዙ አጠገብ ባለው ለጥ ያለ ሜዳ ላይ እንዲሠራ አዘዙ። ያ ሜዳ ከመንደሩ መሬት ሁሉ ተለይቶ ለምን ባዶውን እንደኖረ፣ ለምን ማንም ጎጆ እንዳልቀለሰበት አልጠየቁንም፤ እኛም አልነገርንዎትም። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛ ነው። እንግዳ ስጦታ ተሸክሞ ሲመጣ የት እንደሚያስቀምጠው ማዘዝ በእኛ ዘንድ ብልግና ነውና፣ ወንዙ ድሮ የተኛበትን አልጋ በዓይናችን እያየን ደግ ቦታ ነው አልን። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ በዚያን ዕለት ብዙ ሳቅን።

ይባስ ብለን መረቅነው። መምሬ ጠበል ረጩበት፤ ሼኻችን እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉበት፤ እኛም በሁለቱም አሜን አልን። ክቡርነትዎ ያኔ ሰዓትዎን ደጋግመው ይመለከቱ ስለነበር የምርቃቱን ክብደት ልብ ብለውት እንደሆነ አላውቅም። ሁለቱም ወገን አሜን ያለበትን ነገር ጥሎ መውጣት ለእኛ ቃል ማፍረስ ነው። ስለዚህ ውኃው ወደ በረቱ መግባት ሲጀምር ከብቶቻችንን ነድተን ያልወጣነው ዓይናችን ታውሮ ሳይሆን፣ እገሌ ቀድሞ ምርቃቱን አፈረሰ እንዳይባል እርስ በርሳችን ተፋፍረን ነው። ጎረቤቴ እኔን ታያለች፣ እኔ ጎረቤቴን አያለሁ፣ ከብቶቹ ውኃ ውስጥ ቆመው ሁላችንንም ያያሉ። ይሉኝታ ከበሽታ ባልተናነሰ ከብት እንደሚጨርስ ዘንድሮ አወቅን።

፪ኛ. ስለ ጀርባው እናመሰግናለን። ጀርባው የምንለው ከመንደራችን በላይ ያለውን ድንጋያማ ከፍታ ነው፤ ውኃ አይተኛበትም፣ ነፋሱም ዝንብ አያስቀምጥም። ክረምት ገብቶ ወንዛችን የደጋ አፈር ይዞ ቀልቶ መውረድ ሲጀምር ከብቶቻችንን ሁሉ ወደዚያ እናወጣለን፤ ይህንንም ሽቅብ እንለዋለን። እርስዎ በስብሰባው ላይ ልቅ ግጦሽ ያሉት ይህንኑ ነው። ልቅነቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ባጭሩ ላስረዳ። ጥበቃው በተራ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተራ አንድ የክርስቲያን ቤትና አንድ የሙስሊም ቤት ይጣመራሉ። ጁምዓ ለት ክርስቲያኑ ይጠብቃል፤ እሑድና በበዓል ቀን ሙስሊሙ ይጠብቃል፤ በዚህም ጸሎቱ ሳይጓደል ከብቱም እረኛ ሳያጣ ክረምቱ ያልፋል። በፍልሰታ ጾም ጀርባው ላይ የታለበው ወተት በሙሉ ወደ እኛ ቤቶች ይመጣል፤ ረመዳን ሲሆን ደግሞ የእነሱ ድርሻ ለማፍጠሪያችን ይላክልናል። የእኔ ቤት የተጣመረው ከጋሽ ወርቁ ቤት ጋር ነው። ጋሽ ወርቁ ባሌ የሞተ ጊዜ የእኔን ተራ ክረምቱን ሙሉ ደርበው ጠብቀው፣ አንድም ቀን ያላነሱብኝ ሽማግሌ ናቸው።

ክቡርነትዎ ይህን ሁሉ ድካም በአንድ ሰሌዳ አቃለሉልን። ከብት ማሰማራት በጥብቅ የተከለከለ ነው የሚል ሰሌዳ ጀርባው መውጫ ላይ ተተከለ፤ ሣሩ ያገግም ተባለ። እውነትም አገግሟል። ከበረቱ ሆነው ቀና ሲሉ ይታያል፤ ጉልበት ደርሶ በነፋሱ ይተኛል፣ ይነሣል። ከብቶቻችንም አንገታቸውን ወደዚያ አዙረው ሲመለከቱት ይውላሉ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለው ተረት እስከ ዛሬ የሰው ብቻ ነበር፤ ዘንድሮ ላሞቹም በሣር በኩል ደረሳቸው።

፫ኛ. ስለ ክረምቱ እርስዎን ማመስገን አይገባኝም፤ እሱ የአላህ ነው። ዝናብን የሚከስ ገበሬ ምስጋና ቢስ ነው፤ ስንት ዓመት ደመና አንጋጠን እንደኖርን እኛው እናውቃለን። ዘንድሮ ግን ከሰኔ ጀምሮ አልለቀቀንም። መረሬው አፈር እግር ከያዘ አይመልስም፤ አህያ ከነጭነቷ ሰምጣ በሰው ሸክም ትወጣለች። እንዲህ ያለውን ክረምት ሌላ ጊዜ ቢሆን ጀርባው ላይ እናሳልፈው ነበር፤ ዘንድሮ በሞዴል በረቱ አሳለፍነው። የፍሳሽ ማስወጫው ቦይ አፉ ወደ ወንዙ ነውና ወንዙ በሞላ ቁጥር ማስገቢያ ሆነ። በለስላሳው ወለል ላይ ውኃና እበት ሲቀላቀል ላሞቹ እየተንሸራተቱ ይወድቃሉ። ድርቆሹ ሻገተ፤ የማሽላው አገዳ ጠቆረ። ለዝንቡና ለትንኙ ኩበት እናጭስ እንዳንል ኩበት የሚደርቅበት ቦታ ጠፋ። ውሎ አድሮ ሰኮናቸው መካከል ተሰነጠቀና መግል ያዘ። አንዱን እግር አንስተው ሌላውን ያሳርፋሉ፣ ያንን አንስተው ይህን ያሳርፋሉ፤ የሚተኙበት ደረቅ ቦታ ስለሌለ ቆመው ያድራሉ። ዳለቻ ያን ሆዷን ይዛ ቆማ አድራ ጠዋት ሳያት፣ እኔም ልጅ በሆዴ ተሸክሜ የማውቅ ሴት ነኝና፣ አፍሬ ፊቴን አዞርኩ።

ከዚያ አባ ጎርባ ገባ። ለማያውቀው አንባቢ፣ አባ ጎርባ የከብትን ጭን የሚያሳብጥ በሽታ ነው፤ ያበጠው ሥጋ በእጅ ሲዳሰስ ይንኮሻኮሻል፤ ይህ ከታየ በኋላ ከብቱ ብዙ አይቆይም። የጋሽ ወርቁ በሬ ቦራ በዚሁ ሄደ። ክትባቱ ከክረምት በፊት እንደሚመጣ በምርቃቱ ዕለት ቃል ተገብቶልን ነበር፤ እውነትም መጣ፤ የመጣው ግን ቦራ ከተቀበረ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳልል ውሻውን ማስቀየም ይሆንብኛል፤ ውሻው ቢያንስ በዚያው ሌሊት ይጮኻል።

ሥጋ ለየብቻ የምንበላ ሰዎች ነን፤ በክቱን ግን አንድ ላይ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ጋሽ ወርቁ አካፋቸውን ተደግፈው ቆሙና አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፤ “ይኼን በረት ባንመርቀው ኖሮ ይኼኔ ጀርባው ላይ ነበርን” አሉ። ሼኻችንም መምሬም ከዚያው ነበሩ፤ ሁለቱም እውነትዎን ነው አሏቸው። ምርቃቱ ከትከሻችን የወረደው ያን ጊዜ ነው።

፬ኛ. ስለ ሥልጠናው እናመሰግናለን። የክረምት እርጥበትን የመቋቋሚያ ዘዴዎች በሚል ርዕስ በከተማው አዳራሽ ለስላሳ መጠጥ እየታደለን ሠለጠንን። አሠልጣኙ ትሑት ሰው ነበሩ፤ ሰኮና ደረቅ ቦታ ላይ ካልቆመ እንደሚበሰብስ በሥዕል አሳዩን። ደረቁ ቦታ የት እንደሚገኝ ብጠይቃቸው ጥያቄዬን እጅግ ወደዱትና ‹ወደፊት የሚታዩ ጉዳዮች› ከሚለው ርዕስ ሥር በትልቅ ወረቀት ጽፈው ግድግዳው ላይ ለጠፉት። እስካሁን እዚያው እንዳለ እገምታለሁ፤ አዳራሹ ደረቅ ነው።

፭ኛ. ስለ ፎቶግራፉም እናመሰግናለን። በፕሮጀክቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከብቶቻችን በበረቱ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ውኃ ውስጥ ቆመው የተነሡት ፎቶ ተለጥፏል፤ ከሥሩም የመጠጥ ውኃ አቅርቦት በረት ድረስ መሻሻሉ ተጽፏል። ዳለቻ ከዳር ትታያለች። ፎቶዋ ከእሷ ይልቅ ደልቶታል።

፮ኛ. ስለ ከብት ማቆያው እናመሰግናለን። ከቦራ ቀብር በኋላ ተመካከርንና ሽቅብ እንውጣ አልን። ቀኑ ጁምዓ ነበርና በወጋችን መሠረት ተራው የጋሽ ወርቁ ሆነ፤ እኛ መስጊድ ለመሄድ ስንሰናዳ እሳቸው የእኔንና የጎረቤቶቻችንን ከብቶች ከራሳቸው ጋር ነድተው ወጡ። ከብቶቹ ጀርባውን የረገጡት ለአንድ ረፋድ ብቻ ነው። ዳለቻ ሣሩን ስትነጭ ድምፁ ከሩቅ ይሰማ እንደነበር ጋሽ ወርቁ ነግረውኛል፤ ይህንንም የነገሩኝ እንደ ደግ ወሬ ነው። ከቀትር በፊት የፕሮጀክቱ ጥበቃዎች ደረሱና ከብቶቹን መልሰው አወረዷቸው፤ ከበረቱም ዝቅ ብሎ ከወንዙ አፍ ላይ በታጠረው የከብት ማቆያ ውስጥ አስገቧቸው። የማቆያው ዙሪያ ሽቦ ነው፤ በሩ ግን በሲሚንቶ የተተከለ ብረት ነው፤ ስለ በሩ ጥራት ያለ አንዳች ሽሙጥ አመሰግናለሁ። በትልቅ ጓጉንቸር ተቆለፈ፤ ቁልፉም ስለ ጥፋታችን የሚወስነው ኮሚቴ እስኪሰበሰብ በእርስዎ ዘንድ እንዲቆይ ወደ ደብረ ሲና ወጣ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው መንገዱ ሲደርቅ እንደሆነ ተነግሮናል። መንገዱ ከደረቀ ከብቶቹን ከጭቃ ማውጣት ለምን እንደሚያስፈልግ ግን የነገረን የለም።

ሽቦውን ቆርጣችሁ ለምን አላወጣችኋቸውም የሚል አንባቢ ይኖራል። የማቆያው ዘበኛ ኡበይድ የመንደራችን ሰው ነው፤ ልጆቹ ከልጆቼ ጋር ይማራሉ። የእሱም ላም ከውስጥ ናት። ቀኑን ሙሉ የራሱን ላም ከራሱ ሲጠብቅ ይውላል፤ ሣር አጭዶ በሽቦው ቀዳዳ ያቀብላታል፤ ለዳለቻም ሳይለይ ያቀብልልኛል። ከብቶቹ ከወጡ ተጠያቂው እሱ ነው፤ እንጀራውም የሚቀረው የእሱ ነው። ስለዚህ ክቡርነትዎ በማግስቱ በወረዱ ጊዜ ጋሽ ወርቁ ዋስ ሆነው በፊትዎ ቆሙ፤ ውሳኔ እስኪሰጥ ማንም እጁን ወደ አጥሩ እንደማይሰድ ቃላቸውን ሰጡ። እኛም ከኋላቸው ቆመን ራሳችንን ነቀነቅን። ከአንዱ ምርቃት ወጥተን ሌላ ቃል ውስጥ ገባን ማለት ነው። እኛን ለማሰር ገመድ መግዛት አያስፈልግም፤ ከአፋችን የወጣው ይበቃል።

፯ኛ. የመጨረሻው ምስጋናዬ ስለ ስልክዎ ነው። በዚያው ዕለት፣ ወንዙ ቢሞላ እነዚህ ከብቶች ምን ይሆናሉ ብዬ ብጠይቅዎ፣ መኪናዎ ውስጥ ገብተው ከተቀመጡ በኋላ መስታወቱን ዝቅ አድርገው፣ “ዝናብ ሲጀምራችሁ ደውሉልኝ፤ ቁልፉን ወዲያው እልካለሁ” አሉኝ። ስለ ቸርነትዎ አላህ ይስጥልኝ። ነገር ግን ቆላ የሚወርዱት ለሥራ እንጂ ለኑሮ አይደለምና አንድ ነገር እንድነግርዎ ይፍቀዱልኝ። በእኛ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ያጨቀየናል፣ ያበሰብሰናል፣ ያሰለቸናል፤ አይወስደንም። የሚወስደን በእርስዎ ጣሪያ ላይ የሚዘንበው ነው። ደጋው ላይ የወረደው ውኃ ከየገደሉ ተጠራቅሞ እኛ ዘንድ ሲደርስ ደራሽ ይባላል፤ አንዳንዴም ፀሐይ አናታችንን እየበላችን፣ ልብስ አስጥተን ሳለን ይመጣል። ድንጋይ እያንከባለለ ሲወርድ ድምፁ አስቀድሞ ይሰማል፤ ግን ድምፁን የሰማ ሰው ራሱን ለማውጣት እንጂ ሌላ ነገር ለማድረግ ጊዜ አይኖረውም።

ይህንኑ ለማስረዳት ደጋግመን ደውለን ነበር። ስልኩን ያነሣችው ጸሐፊዎ በጨዋ ድምፅ ከእኛ ዘንድ ይዘንብ እንደሆነ ጠየቀችን፤ በዚያን ሰዓት ፀሐይ ነበርና የለም አልን፤ እሷም በመመሪያው መሠረት ሲዘንብ እንድንደውል ነገረችን። በሌላ ቀን ዘንቦ ስንደውል ደግሞ እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ስብሰባው ሲያልቅ ዝናቡም አቁሞ ነበርና ጉዳዩ በዚያው ተዘጋ።

ክቡር ሆይ፣ እስከዚህ ድረስ በወጉ ጻፍኩ፤ አሁን ግን ወጉን ለአንድ አፍታ ልተወውና እውነቱን ልናገር፤ ፈርቻለሁ። በየቀኑ ከማሳ ስመለስ በማቆያው በኩል አልፋለሁ። ዳለቻ ኮቴዬን ታውቀዋለችና እያነከሰች ወደ ሽቦው ትመጣለች፤ ከዚህ ሳምንት ወዲህ ግን መምጣቱን ትታ ባለችበት ሆና ታየኛለች። ማታ ልጆቼ ደብረ ሲና ላይ መብረቅ ሲያበራ እያዩ ይደሰታሉ፤ እኔ ወንዙን አዳምጣለሁ። ቅጣት ካለብን እንቀጣለን፤ ጋሽ ወርቁም እኔም ተጠርተን የትም እንመጣለን። ከብቶቹ ግን ኮሚቴ አያውቁም። እባክዎ፣ ቁልፉን ለአንድ የሚኒባስ ሹፌር ይስጡት፤ ከደብረ ሲና ቁልቁል የማይወርድ መኪና የለም፤ እኔ ራሴ ከመንገዱ ዳር ቆሜ እቀበለዋለሁ። ጀርባው ላይ ያለው ሣር የሚበቃው ለዳለቻ ብቻ አይደለም፤ ለፕሮጀክቱም ስም ይተርፋል።

በዚህ አጋጣሚ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለመኪናዎ ደረቅ መንገድ፣ ለኮሚቴዎ ምልዓተ ጉባኤ፣ ለጣሪያዎም የማያፈስ ቆርቆሮ እየተመኘሁ፣ በስብሰባ ላይ በሌሉበት በማንኛውም ሰዓት ትእዛዝዎን ለመቀበል የተዘጋጀሁ፣ በሞዴል በረትዎ የፊተኛው ረድፍ ፎቶ ላይ ቅል ይዤ የምታየው፣

ታዛዥዎ ሐምዲያ ኢብራሂም
ከዋርካ ግርጌ

ግልባጭ፦ ለሚመለከተው ሁሉ፤ እስከ ዛሬ እንደታየው ለማይመለከተውም።

ሳይታሸግ የተጨመረ፦ ይህን ደብዳቤ ጨርሼ ወደ ከተማ የሚሄድ ባጃጅ ስጠብቅ፣ ሐሙስ ቀትር ላይ ደራሹ መጣ። በእኛ ላይ አንዲት ጠብታ አልወረደችም፤ ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ እኔም የልጆቼን ልብስ አስጥቼ ነበር። ስለዚህ በመመሪያው መሠረት አልደወልንም። የዘነበው በእርስዎ ላይ ነበርና የመደወሉ ተራ የእርስዎ ነበር ብል ድፍረት አይሁንብኝ።

ድምፁን ስንሰማ ሁላችንም ሮጥን። ቀድሞ የደረሰው ኡበይድ ነው። ጋሽ ወርቁ ገና ከሩቅ ዋስትናቸውን ማንሣታቸውን እየተናገሩ ይጣሩ ነበር፤ እሱ ግን እሳቸውን ሳይጠብቅ የገዛ እንጀራውን በድንጋይ መደብደብ ጀምሮ ነበር። ጓጉንቸሩ አልተበገረም። ወደ ሽቦው ዞረን በማጭድና በመጥረቢያ ስንታገል ውኃው ቀደመን። ከጊደሮቹ ጥቂቶቹ በተቀደደው በኩል ወጡ። የኡበይድ ክንድ ተሰብሯል፤ ላሙም አልወጣችም። ሰው አልሞተም፣ አልሐምዱሊላህ። ዳለቻ በሰኮናዋ ምክንያት ፈጥና መነሣት አልቻለችም። ስሟን ስጠራት ጆሮዋን ወደ እኔ አዞረች። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፍልዎትም፤ የእርስዎ አይደለም፤ የእኔ ነው። ሩዋይዳም ያወጣችውን ስም ለሌላ ጥጃ እንደማትሰጠው ነግራኛለች።

ስለ ቁልፉ ከእንግዲህ አይቸኩሉ። ውኃው ሲጎድል ወርደን አየነው። አጥሩ የለም፤ የበረቱም ግማሽ የለም። የብረት በሩ ግን በሲሚንቶው ላይ እንደ ቆመ ነው፤ ግራና ቀኙ ደለል ሆኖ ብቻውን ቆሟል፤ ጓጉንቸሩም እንደ ተቆለፈ ነው። ለኮሚቴው ሪፖርት እንዲያመችዎ በገዛ ዓይኔ አይቼ አረጋግጥልዎታለሁ፤ ያለ ክቡርነትዎ ፈቃድ በዚያ በር የወጣ አንድም ከብት የለም።